«ምንም» ብሎ የሚዘጋ ወንድም እንዴት ይደመጣል?

ታላቅ እህት (አዲስ አበባ)

ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ 20 ዓመቱ ነው፤ በአንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዓመት የምህንድስና ተማሪ ነው። ለእረፍት በመጣ በማግስቱ፣ እራት ቀርቦ ሁላችንም ትሪው ዙሪያ ተቀምጠን ሳለ፣ «ትምህርቱን ለማቆም እያሰብኩ ነው» አለ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ቅደም ተከተሉን ሳልለውጥ ልንገራችሁ።

አባታችን «ምን አልክ?» አለ። ወንድሜ ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመለት። አባቴ «እኔ ላይ ነው የምትጮኸው?» ብሎ ተቆጣና በእግሩ እየተጓዘ የተማረበትን ዘመን መተረክ ጀመረ። እናታችን «አይዞህ የኔ ጌታ፣ ዓይን ነው፣ ያልፋል፣ ብላ» ብላ አጎረሰችው። አጎታችን ትምህርት አቋርጦ ዛሬ የሚጸጸት የአንድ ወዳጁን ልጅ ታሪክ አመጣ። እኔ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ገበታው ሲነሣ ስለ ወንድሜ ሁሉም ተናግሮ ነበር፤ ወንድሜ ግን ከዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር አላለፈም።

ከዚያ ወዲህ ምን ሆነሃል ሲባል መልሱ «ምንም» ነው። የሚመለስበት ቀን እየቀረበ ነው። እኔ የምፈልገው እንዲማር ወይም እንዲያቆም ላግባባው አይደለም፤ የጀመረውን እንዲጨርስልኝ ብቻ ነው። እንዴት ይጀመራል? ደግሞስ ሰውን ማዳመጥ የሚለመድ ነገር ነው ወይስ አንዳንዱ ሲፈጠር ይዞት የሚመጣ?

የጨርቆስ ልጅ

ቡና አፍሉ። አቦል ላይ ባይናገር ቶና ላይ፣ ቶና ላይ ባይናገር በረካ ላይ ይናገራል።

ሳምራ (አዳማ)

ወንድሜ የጨርቆስ ልጅ፣ ቡናው ላይ እኮ ጎረቤት አለ! እኔ ባደግሁበት ሰፈር ቡና ላይ የተነገረ ነገር ሲኒው ሳይታጠብ ሦስተኛው ቤት ይደርሳል። ቡና ለሐዘንም ለደስታም ጥሩ ነው። «ትምህርት አቆማለሁ» ላለ ልጅ ግን ዙሪያውን ከብቦ መቀመጥ ችሎት ይሆንበታል። ታላቅ እህት፣ ብቻውን አግኚው።

ነርስ ከባሕር ዳር

በአእምሮ ጤና ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። የመጨረሻውን ጥያቄሽን ላስቀድመው፦ ይለመዳል። ለተማሪዎቻችን እናስተምረዋለን፤ መጀመሪያ ላይ ከጭንቀት የተነሣ ላብ የሚያጠምቃቸው ልጆች ኋላ ላይ በሽተኛው ስማቸውን እየጠራ የሚፈልጋቸው ሲሆኑ አይቻለሁ።

አሁን ወደ እራቱ ልመለስ። ቻርልስ ደርበር የሚባል አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ምሁር በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ሰው በጭውውት ላይ የሚሰጠውን መልስ በሁለት ይከፍለዋል፤ ወሬውን ወደ መላሹ የሚያዞር መልስና ወሬውን ከባለቤቱ ጋር የሚያቆይ መልስ። ጓደኛሽ «ራሴን አሞኛል» አለችሽ እንበል። «እኔንማ ሌሊቱን ሙሉ ሲፈልጠኝ ነው ያደረው» ካልሻት ራስ ምታቱ ያንቺ ሆነ። «ከመቼ ጀምሮ?» ካልሻት የእሷ እንደሆነ ይቆያል። የአባትሽ ትረካ የመጀመሪያው ዓይነት ነው። አጎትሽ ደግሞ ወሬውን ጭራሽ እዚያ ወደሌለ ልጅ ወሰዱት።

የእናትሽ «አይዞህ» ይለያል። ከዚያ የበለጠ ቅን ንግግር የለንም፤ ግን ሳይጠራ ቀድሞ ሲመጣ ያስቸግራል። ሰው አይዞህ ከተባለ በኋላ ምን ብሎ ይቀጥላል? አሜን ብሎ ይጎርሳል እንጂ። ቦታው ሰውየው ተናግሮ ሲጨርስ ነው።

ያንቺም ዝምታ ለወንድምሽ ምን እንደመሰለው አናውቅም። ከአባቱ ጋር የተስማማሽ መስሎት ሊሆን ይችላል። ዝም ያለ ሰው ሁሉ የሚያዳምጥ አይደለም፤ የሚያዳምጥ ከሆነም ተናጋሪው በዓይኑ ማየት አለበት።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። ፊት ለፊት አላስቀምጠውም። በዚህ ዕድሜ ያሉ ወንዶች ዓይን ለዓይን ሲገጥሙ ይጨነቃሉ፤ ጎን ለጎን ሲሄዱ ወይም እጃቸው ሥራ ሲይዝ ግን ሳያውቁት ያወጣሉ። «ምን ሆነሃል?» አልለውም፣ ምክንያቱም ይህ ጥያቄ አንድ ነገር ሆነሃል ብሎ ይነሣል። «ያን ዕለት ጀምረህ ነበር፣ ሳትጨርስ ተወሰደብህ። ስትፈልግ ልሰማው እወዳለሁ» እልና ሌላ ወሬ አመጣለሁ። በዚያው ቀን መልስ አልጠብቅም። ሲጀምርም መሃል ላይ ዝም ሲል ያንን ዝምታ አልሞላውም፤ ብዙ ጊዜ ዋናው ነገር ያለው ከእሱ በኋላ ነው። ምክር አፌ ላይ ሲደርስ ደግሞ «ዝም ብዬ ልስማህ ወይስ አብረን እናስብ?» ብዬ እጠይቀዋለሁ።

አንድ ነገር ለይቼ ልናገር። መኖር ሰልችቶኛል፣ ባልነበርኩ የሚል ነገር ከሰማሽ ማዳመጥ ብቻውን አይበቃም። ራስህን ስለማጥፋት እያሰብክ ነው ወይ ብለሽ በግልጽ ጠይቂው፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም። ብቻውን አትተዪው፣ በቶሎም ወደ ጤና ተቋም ይዘሽው ሂጂ።

ጡረተኛው መምህር (ደሴ)

ልጄ ታላቅ እህት፣ እህቴ ነርሷም፣ ጽሑፋችሁን በጥሞና አነበብሁ። ነገር ግን ለአባትየው ጠበቃ ልሁን። ልጁን ለማስተማር ከጉሮሮው ነጥቆ የሚልክ አባት፣ እራት ላይ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲወርድበት እንደ ሐኪም ቤት ሠራተኛ ተረጋግቶ «እሺ፣ ቀጥል» እንዲል ትጠብቃላችሁ? የተናገረው ከድንጋጤ ነው። አሁን አሁን አዳምጡ፣ አዳምጡ ይባላል፤ የሚያዳምጠው ሁልጊዜ ታላቁ፣ የሚደመጠው ሁልጊዜ ታናሹ ሆኗል።

ይህን ካልሁ በኋላ ግን የማልክደው ነገር አለ። ብዙ ሽምግልና ላይ ተቀምጫለሁ። በደንቡ ከሆነ ተጣዪዎቹን በየተራ ነው የምንሰማው። አንዱ ሲናገር ሌላው ቢቆጣም «ተራህ ይደርሳል» ይባላል፤ ሽማግሌውም ሁለቱም ባዶ እስኪሆኑ ፍርድ አያወጣም። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ የሚባለው ለዚህ ነው። ዛሬ ዛሬ ታዲያ ሽማግሌው ገና ወንበር ሳይሞቀው «በሉ ተሳሳሙ፣ ይቅር ተባባሉ» ይላል። ተሳስመው ይሄዱና በወሩ ተመልሰው ይመጣሉ፣ ምክንያቱም የተጣሉበት ነገር አልተነገረም። እንግዲህ ልጁን በሽምግልናው ደንብ ስሙት፤ ግን አባትየውንም በተራው ስሙት። እሱም የሚለው አለው።

ነርስ ከባሕር ዳር

የኔታ፣ አባትየውንም ስሙት ያሉት ላይ አንድ ቃል አልጨምርም። ልክ ነዎት። ስለ ሐኪም ቤት ሠራተኛ የተናገሩትን ግን አልተቀበልኩትም፤ እኛም እቤታችን ስንገባ እንጮኻለን።

አወያይ

አንድ አስተያየት ወንድምየውን «ሰነፍ» ብሎ ስለሰደበ ተነሥቷል። ስለማዳመጥ በሚወራበት ክር ላይ ይህን መጻፍ መቼም ይገርማል። ቀጥሉ።

ሽቦ ቀጣይ (ዱባይ)

በቴሌኮም ሙያ ላይ ነኝ፤ ከነርሷ «ዝምታውን አትሙዪው» የምትለው ላይ ከሙያዬ የማውቀውን ልጨምር።

በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ዴንማርክኛን፣ ጃፓንኛን፣ ኮሪያኛንና በሜክሲኮ የሚነገረውን ጼልታልን ጨምሮ የ10 ቋንቋዎችን ጭውውት አነጻጽሮ ነበር። አንዱ ተናግሮ ሲጨርስ ሌላው እስኪጀምር ያለው ክፍተት በአማካይ 200 ሚሊሰከንድ አካባቢ ሆኖ ተገኘ፤ የሰከንድ አምስተኛ ማለት ነው። በቋንቋዎቹ መካከል የነበረው ልዩነትም ትንሽ ነበር። አማርኛ ከአሥሩ አንዱ አልነበረም፤ የእኛ ቤት እራት ግን ከ200 ሚሊሰከንድ እንደማይዘገይ በራሴ ኃላፊነት እመሰክራለሁ። አንድ ሥዕል ዓይቶ ስሙን ለመጥራት እንኳ ሰው 600 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ በ200 ለመመለስ ሌላው ሳይጨርስ መልሳችንን ማዘጋጀት መጀመር አለብን ማለት ነው። ይህ ክፋት አይደለም፣ የአንጎል ሥራ ነው። ግን የሰውን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር የምንሰማው የራሳችንን መልስ እያሰናዳን መሆኑን ማወቅ ይጠቅማል፤ ብዙውን ጊዜ ፍሬው ያለው እዚያ መጨረሻው ላይ ነውና።

በስልክ ደግሞ ይብሳል። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ምክረ ሐሳብ ድምፅ ከአፍ ወደ ጆሮ ለመድረስ ከ150 ሚሊሰከንድ ባይበልጥ ይመረጣል ይላል። እዚህ በዋትስአፕ ድምፅ መደወል ስለማይሠራ ቦቲም በሚባል የስልክ መተግበሪያ ነው ወደ አገር ቤት የምንደውለው፤ መስመሩ ሲደክም መዘግየቱ ከዚያ በእጅጉ ያልፋል። እናቴ ጠይቃኝ እኔ መልሼ ሳለሁ ድምፄ ገና ስላልደረሰ ዝም ያልሁ ይመስላታል፤ ትጨነቅና ሁለተኛ ጥያቄ ትጨምራለች፤ የእኔ መልስ በዚያ ላይ ይወድቃል። ሁለታችንም «እሺ አንተ» «እሺ አንቺ» ስንባባል ሒሳቡ ያልቃል። በመጨረሻም «ደህና ነኝ» ብቻ ተባብለን እንዘጋለን። ሰው ከአገር ርቆ ስንት ዓመት «ደህና ነኝ» እንደሚል ብትሰሙ!

እኛን የጠቀመን የድምፅ መልእክት ነው። በቴሌግራም ስድስት ሰባት ደቂቃ ቀድቼ እልካለሁ፤ ማንም አያቋርጠኝም። እናቴ ሁለት ጊዜ ትሰማዋለች፤ ከዚያ የራሷን ትልካለች፣ መሃል ላይ ዶሮው ሲጮህ፣ ጎረቤት «ቤቶች» ሲል ይሰማኛል። በዚህ መንገድ የነገረችኝን በቀጥታ ስልክ ነግራኝ አታውቅም። ወንድምሽ ወደ ግቢ ሲመለስ ይህን ሞክሪው።

በረዶ ላይ (ሚኒሶታ)

እዚህ በሥራ ቦታችን «ንቁ ማዳመጥ» የሚባል ሥልጠና ሰጡን። ሐሳቡ የመጣው ከሥነ ልቦና ሊቁ ካርል ሮጀርስ ነው፤ ከባልደረባው ጋር በ1957 እ.ኤ.አ. ነበር በዚህ ስም የጻፉት። ከሥልጠናው ሁሉም ሰው ይዞት የሚወጣው አንድ ነገር ነው፦ ሰውየው ያለውን በራስህ ቃል መልሰህ ንገረው። በእንግሊዝኛ ከአለቃዬ ጋር ይሄዳል። እናቴ ጋር በአማርኛ ሞከርኩት። «ጉልበቴ አልታዘዝ አለኝ፣ ቤተ ክርስቲያንም መሄድ ተውኩ» አለችኝ። እኔም በሥልጠናው መሠረት «እንግዲህ እማዬ፣ የምትይኝ ጉልበትሽ ስላስቸገረሽ ቤተ ክርስቲያን መሄድ አልቻልሽም ነው» አልኳት። ትንሽ ዝም ብላ «አሁን እኔ ምን አልኩህ ታዲያ?» አለች።

ሳስበው ሮጀርስ ራሱ ዘዴውን እንደ ዘዴ የሚወደው አይመስለኝም፤ ከልብ ካልሆነ ተናጋሪው ይነቃል የሚል ሰው ነበር። በእኛ ቋንቋ የሚሠራው ከተናገረችው ላይ ቆንጥሮ መመለስ ነው። «ተውሽ?» ብላት ኖሮ የቀረውን ትነግረኝ ነበር። ከዚያ ያች ትንፋሽን ወደ ውስጥ ሳብ የምናደርጋት ነገር አለች። ፈረንጆች ሲሰሟት ደነገጥክ ወይ ይሉኛል፤ ለእኛ ግን «አለሁ፣ ቀጥል» ማለት ናት። ሥልጠና አልሰጡንም እንጂ አያቶቻችን ይህን ሁሉ ያውቁት ነበር።

ጡረተኛው መምህር

ልጄ በረዶ ላይ፣ እናትህን ሳቅሁላቸው። ጉልበታቸውን ግን ሐኪም ይየው።

የጆሮ ነገር (ሐዋሳ)

የመስማት ምርመራ ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው። ሁላችሁም የዘለላችሁት አንድ ነገር አለ። አባትየው መጀመሪያ ያሉት «ምን አልክ?» ነው። ልጁ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ደግሞ «እኔ ላይ ነው የምትጮኸው?» አሉ። ታላቅ እህት፣ አባትሽ ዕድሜያቸው ስንት ነው? ቴሌቪዥኑን ከሌላው ሰው አብልጠው ይከፍታሉ?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት ከ1.5 ቢሊዮን በላይ ሰው በተለያየ መጠን የመስማት መቀነስ አለበት፤ ከእነዚህ 430 ሚሊዮን ያህሉ እርዳታ ያስፈልጋቸዋል። ከዕድሜ ጋር የሚመጣው ዓይነት የሚጀምረው ከቀጫጭን ድምፆች ነው። ስ፣ ሽ፣ ፍ መጀመሪያ ይጠፋሉ፤ ወፍራሞቹ ይቀራሉ። ስለዚህ ሰውየው ሰው መናገሩን ይሰማል፣ ምን እንዳለ ግን አይለይም፤ በተለይ ሳህን ሲንኳኳና ብዙ ሰው ሲያወራ። ሲጮኹለት ደግሞ ወፍራሙ ድምፅ ይበዛል እንጂ የጠፋው አይመለስም፤ የሚሰማው ቁጣ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ብዙ ጊዜ ምን አዘዘኝ ብሎ ራሱ ያወራል፤ ሲያወራ መስማት አይጠበቅበትማ!

«ባሌ አይሰማኝም» ብላ የምታማርር ሴት መጥታ፣ ባሏ በእርግጥም የማይሰማ ሆኖ ያገኘንበት ቀን ጥቂት አይደለም። አንዳንዴ የጆሮ ኩክ ብቻ ሆኖ በዚያው ዕለት ይወጣል። እስኪመረመሩ ድረስ ቴሌቪዥኑን አጥፍታችሁ፣ ቀርባችሁ፣ ፊታችሁ ብርሃን ላይ ሆኖ፣ ሳትጮኹ ቀስ ብላችሁ አናግሯቸው።

ታላቅ እህት

68 ዓመቱ ነው። ቴሌቪዥኑን ጎረቤት ድረስ ነው የሚከፍተው። ስልክም «ይህ ኔትወርክ» እያለ ለእናቴ ያቀብላታል። ማናችንም እንዲህ አላሰብነውም። እወስደዋለሁ።

የጨርቆስ ልጅ

እኔ ቡና ብዬ የጀመርኩት ነገር የት ደረሰ!

የወረዳ ጤና (ጅማ)

«አያቶቻችን ያውቁት ነበር» ለተባለው አንድ ምስክር ላምጣ። በዚምባብዌ ዲክሰን ቺባንዳ የሚባል የሥነ አእምሮ ሐኪም ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አረጋውያን እናቶችን አሠልጥኖ በጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። ሐሳብ የበዛበት ሰው መጥቶ አጠገባቸው ይቀመጥና ያወራል። ሐራሬ ውስጥ በ24 ጤና ጣቢያዎች 573 ሰዎች የተካፈሉበት ጥናት በ2016 እ.ኤ.አ. ታትሟል፤ ከስድስት ወር በኋላ አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ሰዎች የመንፈስ ጭንቀት ምልክት የተለመደውን ሕክምና በተሻሻለ መልኩ ካገኙት ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል።

እኔን የገረመኝ አሠራሩ ነው። እናቶቹ «እንዲህ አድርግ» ብለው አይጀምሩም። ሰውየው ችግሮቹን ሁሉ ይዘረግፋል፤ ከእነዚያ መካከል አንዱን ራሱ ይመርጣል፤ መላውንም ራሱ ያመጣል፤ እነሱ አብረውት ያስባሉ። ምክር የማያልቅባቸው ሴቶች መሆናቸውን አትርሱ! ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲመክሩ የኖሩ እናቶች ምክራቸውን መያዝ ከቻሉ እኛ ምን ይከለክለናል።

ታላቅ እህት

የሆነውን ልንገራችሁ። ቅዳሜ ዕለት የጋዝ ሲሊንደር ልናስሞላ አብረን ወጣን። ለእንዲህ ዓይነት ነገር ሲሊንደር የመሰለ የለም፤ ሁለት ሰው ነው የሚይዘው፣ ስልክ የሚነካበት እጅ አይተርፍም፣ መንገዱም ረጅም ነው። ነርሷ እንዳለችው ያችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ተናገርኩና ስለ ጋዝ ዋጋ ማማረር ቀጠልኩ። ስንሄድ ምንም አላለም። ወረፋ ላይም ምንም። ስንመለስ፣ እጅ ለመቀየር ዕቃውን አስፋልት ዳር ባስቀመጥንበት፣ «ቆይ ግን አንቺስ ምን ታስቢያለሽ?» አለኝ። መልስ ነበረኝ፤ ሳምንቱን ሙሉ ሳሰናዳው የሰነበትኩት። «እኔ ገና አልሰማሁህም» አልኩት።

ከዚያ በኋላ ያለውን እዚህ አልጽፈውም፤ የእሱ ነው። ነገሩ ግን እኛ ካሰብነው ከትምህርቱ ክብደት ጋር ብዙም የሚገናኝ አይደለም። ነርሷ ያስጠነቀቀችኝንም ጠይቄዋለሁ፤ እንደዚያ የለም። አብረን እናስብ ወይ ስለው «ዛሬ አይደለም» አለ፤ ተውኩት።

አሁን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። እቤት እንደገባን እናቴ ማድ ቤት ጠርታኝ «ምን አለሽ?» አለችኝ። ምንም አላለኝም ብል ውሸት ነው። ብነግራት አባቴ ጋር ይደርሳል፤ ወንድሜም ዳግመኛ አያናግረኝም። «በኋላ» ብዬ አመለጥኳት። ዓይኗን ብታዩት። እናት ናት፣ መብትም አላት።

ሳምራ

እህቴ፣ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚወድቀው። በእኛ ቤት የሰሙትን ማካፈል እንደ ፍቅር ነው የሚቆጠረው። «ለእናቴ ብቻ» ተብሎ የተነገረ ስንት ነገር ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ሰምቻለሁ። እኔ ብሆን ጨርሶ አልነግራትም።

ነርስ ከባሕር ዳር

ወደ እሱ ተመለሽና «እማዬ ጠይቃኛለች፣ የቱን ልንገራት?» በይው። እሱ ራሱ ይምረጥ። ብዙ ጊዜ ከምናስበው በላይ እንድንናገር ይፈቅዳሉ፤ ሳይጠየቁ ሲነገርባቸው ነው የሚቆጡት። እስከዚያው ለእናትሽ ደህንነቱን ንገሪያት፣ ወሬውን አትንገሪያት፤ «አደጋ ላይ አይደለም፣ እያሰበ ነው፣ ሲዘጋጅ ራሱ ይነግርሻል»።

ጡረተኛው መምህር

ነርሷ ያለችው ይሁን። እኔ የምጨምረው ለእናትሽ ነው። ማድ ቤት ጠርተው ሲጠይቁሽ እንዳትሸሻቸው፤ ሽሽት እናትን ያስጠረጥራል። ቁጭ በይና «እማዬ፣ አንቺስ ምን ፈርተሽ ነው?» ብለሽ ጠይቂያቸው። ከዚያ ሽንኩርቱን እየላጥሽ ስሚያቸው፤ የልጁን ምሥጢር ሳትነኪ ማታው ያልቃል። አባትሽን ጆሮ ምርመራ የምትወስጂያቸው መቼ ነው?

ታላቅ እህት

ማክሰኞ፣ ጋሼ። «እኔ እሰማለሁ፣ እናንተ ናችሁ የምታንሾካሹኩት» ብሎ ነበር፤ ወንድሜ አብሬህ እሄዳለሁ ሲለው እሺ አለ።